ክብ ውስጥ ያለችው ፊደል

ለማላውቀው ሰው 1,375 ዶላር በቼክ ልኬ፣ ለሚገባው ቦታ 225 ዶላር ሳልከፍል ቀርቼ የንግድ ምልክቴን አጣሁ። ለባለቤቴ እንኳ የነገርኩት ከወራት በኋላ ነው።

በርበሬና ሽሮ መሸጥ የጀመርኩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ፌስታሉ ወደ ታተመ ከረጢት ሲያድግ "ስምሽን አስመዝግቢ፣ ይወስዱብሻል" ያላለኝ የለም። መጀመሪያ የመረጥኩት "ቅመም" የሚለውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 225 ዶላር ከፍዬ አመለከትኩ። የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ መርማሪ የቃሉን ትርጉም አይቶ፣ ቅመምን "ቅመም" ብሎ መሸጥ ለአንድ ሰው ብቻ አይሰጥም አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጨውን "ጨው" ብዬ የግሌ ላደርግ ነበር። ገንዘቡ ግን አይመለስም። የሚከፈለው ለምርመራው እንጂ ለፈቃዱ አይደለም።

ቀጥሎ በአያቴ የቤት ስም አመለከትኩ። ሌላ 225። ክፍያው በምድብ እንደሆነም ያኔ ገባኝ፦ በርበሬና ሽሮ 30ኛው ምድብ ውስጥ ሲገቡ ንጥር ቅቤ 29ኛው ውስጥ ነው፤ ለእሱ ለብቻው ሊከፈልበት ነው። ቅቤውን ተውኩት።

በሚያዝያ 2018 የምስክር ወረቀቱ መጣ። በፍሬም አድርጌ ሰቀልኩትና እንደ ቤት ካርታ ቆጠርኩት። ነገሩ ግን ካርታ ሳይሆን እድር ነው፤ ካልከፈልሽ ትሰረዢያለሽ። በአምስተኛውና በስድስተኛው ዓመት መካከል ምልክቱን አሁንም እንደምትሠሪበት ቃል ሰጥተሽ፣ የዕቃሽን ፎቶ አያይዘሽ ትከፍያለሽ። ከዚያ በየአሥር ዓመቱ ደግሞ አለ። አገር ቤትም በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ምዝገባው የሚጸናው ለሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ ይታደሳል።

በ2023 ጸደይ ላይ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። የምዝገባ ቁጥሬ፣ አርማዬ፣ ቀነ ገደቡ ሁሉ አለበት። ሁሉንም ከሕዝብ መዝገብ መቅዳት እንደሚቻል አላወቅሁም። እንዲህ ያለ የእድሳት ደብዳቤ ይበትን የነበረ አንድ የላትቪያ ዜጋ በ2021 አሜሪካ ውስጥ ከአራት ዓመት በላይ እስራት ተፈርዶበት ነበር፤ ይህንንም የሰማሁት ከረፈደ ነው። በአለማወቅ ብቻ ግን አላሳብብም። ያሳመነኝ ዋጋው ነው። ገንዘቡ ሲበዛብኝ መሥሪያ ቤቱ የከበደ መሰለኝ። ደረሰኝ እንኳ ሳልጠይቅ ከፈልኩና "ተገላገልኩ" ብዬ ተኛሁ። የእውነተኛው ቢሮ ማስታወሻ የሚላከው ለማመልከቻው ብዬ ከፍቼ የይለፍ ቃሉን ወደረሳሁት ኢሜይል ነበር።

የሚያዝያ 2024 ቀን አለፈ። 100 ዶላር ተጨምሮበት የሚሰጠው የስድስት ወር እፎይታም አለፈ። በክረምቱ ብርድ በኢንተርኔት ልሸጥ ስነሳ የምዝገባ ቁጥር ተጠየቅሁ። የእህቴ ልጅ ቁጥሩን አስገብቶ ዝም አለ።

"አክስቴ፣ ይሄ እኮ ተሰርዟል ይላል።"

የተሰረዘው አይነሣም፤ እንደ አዲስ ማመልከት ነው። ከጥር 2025 ጀምሮ ደግሞ ለአንድ ምድብ 350 ዶላር ሆኗል። ከፈልኩ። ይኸው እየጠበቅሁ ነው።

ከረጢቶቹ ግን ቀድመው ታትመዋል፣ ሦስት ሺህ። ከአያቴ ስም ጎን በክብ ውስጥ "አር" የምትባለዋ የፈረንጅ ፊደል አለች። ያልተመዘገበ ሰው እሷን መለጠፍ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ማታ ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ኩሽና ተቀምጬ በጥቁር ማርከር አንድ በአንድ አጠፋታለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን ቆሞ አየኝ፤ ምንም ሳይናገር ሌላ ማርከር አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ትናንት ሺህ ሰባት መቶ ላይ አቆምን።