በክሪክ ላይ ያደረችው አይሱዙ

ነቀምት ውስጥ ሜዳ ግቢ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ከተማችን የተቀመጠችው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ኮረብታማ መሬት ላይ ነው፤ አብዛኞቻችን ቤት የሠራነው ተዳፋቱን ቆርጠን፣ ቀዩን አፈር ወደ ታች ገፍተን ነው። ቤቱ በውሃ ልክ ይሠራል፣ ግቢው ግን እንዳዘቀዘቀ ይቀራል። መኪና የምናቆመው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

መኪና ስትበላሽም ቶሎ አትነሳም። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ፣ ብዙ ጊዜ ከሶማሌ ተራ፣ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው የሚመጣው። መንገዱ ሰላም ሲሆን በማግስቱ ይደርሳል፤ ሳይሆን ሲቀር ስንት እንደሚቆይ የወለጋ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ በነቀምትም፣ በጊምቢም፣ በነጆም፣ በሻምቡም አንድ ጎማዋ የወለቀ መኪና በሰው ግቢ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆማ ማየት የተለመደ ነው። በዚያች መኪና ዙሪያ ደግሞ ልጆች ይጫወታሉ።

ባለፈው ክረምት ተራው የእኛ ግቢ ሆነ። አማቼ በአይሱዙ እህል ይጭናል። የኋላ ግራ ጎማ ኩሽኔታ ተሰባብሮ እየተንጫጫች ገባችና ጎማውን አወለቀ፤ መኪናዋን በዘይት ክሪክ ደግፎ፣ ከጎኑ አንድ ትልቅ ድንጋይ አስገብቶ፣ ኩሽኔታ ፍለጋ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። እሱ ታታሪ ልጅ ነው፣ ሥራው ስለቆመም ተጨንቋል። እኔ ግን ከበረንዳ ሆኜ የማየው ሌላ ነገር ነበር። የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ኳሱ ከመኪናዋ ሥር ሲገባበት በሆዱ ተስቦ ገብቶ ያወጣታል። እህቱም ዝናብ ሲመጣ እዚያው ትጠለላለች። ለልጅ ከዚያ የተሻለ ዳስ የለም።

እኔ በዚህ መስመር ከነቀምት ጊምቢ፣ ከጊምቢ ደምቢ ዶሎ ቡና ስጭን ነው ያረጀሁት። ክሪክ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የዘይት ክሪክ መያዣውን ስንገፋው ዘይቱን ከፒስተኑ ሥር ያስገባል፣ ፒስተኑ ይነሳል። ቶኑን ሁሉ ተሸክሞ የቆመው እንግዲህ ያ ዘይትና ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ሲያረጅ ዘይቱ በቀስታ ያልፋል፤ ማታ ያነሳነውን ጠዋት አንድ ጣት ወርዶ የምናገኘው ለዚህ ነው። ከታች ያለችው ማውረጃ ብሎን በግማሽ ዙር ከላላች ደግሞ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ልጆች ደግሞ የሚዞር ነገር ሲያዩ ያዞራሉ። ክሪክ ጎማ እስኪቀየር ድረስ ለማንሳት የተሠራ ዕቃ ነው፤ አንስቶ እንዲያድር አይደለም።

ድንጋዩስ? ድንጋይ ጥሩ ይመስላል፣ ግን የሚነካው በአንድ ሁለት ነጥብ ነው፤ በነካበት ይንሸራተታል ወይም ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። ብሎኬት ከዚያም ይብሳል፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚደቅ።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን መሬቱ ነበር። የአገራችንን ቀይ አፈር በበጋ ብታዩት ድንጋይ ነው፤ ሐምሌ ላይ ግን ገንፎ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የክሪኩ መቀመጫ ዐሥር በዐሥር ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በላዩ ሁለት ቶን ቢያርፍ በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 20 ኪሎ ይጫናል። ያንኑ ክሪክ 40 በ40 በሆነ ወፍራም ጣውላ ላይ ብናስቀምጠው ግን ክብደቱ በ1,600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይከፋፈልና ወደ 1.25 ኪሎ ይወርዳል። ጣውላው ቀጭን ከሆነ ይጎብጣል፣ ጥቅሙም ይቀራል፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ደግ ነው። የአማቼ ክሪክ በባዶ አፈር ላይ ነበር የተቀመጠው። በሦስተኛው ቀን ሳየው መቀመጫው በአፈሩ ተውጦ ወደ ቁልቁለቱ ዘንበል ብሏል።

«ሐንድ ብሬክ ይዣለሁ፣ ማርሽም አስገብቻለሁ» ይላል። ይህን ብዙ ወጣት ሾፌር ሲል እሰማለሁ፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። የብዙ አይሱዙ የጭነት መኪኖች የእጅ ፍሬን ጎማውን አይደለም የሚይዘው፤ ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች መሬት ሲነኩ ይህ ይበቃል። አንዱ ጎማ ሲነሳ ግን ዲፈረንሻሉ አየር ላይ ያለው ወገን ወደ ኋላ፣ መሬት የነካው ወደ ፊት እንዲዞር ይፈቅዳል፤ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ተይዞ ሳለ መኪናዋ ትሄዳለች። ማርሽም የሚይዘው ያንኑ ዘንግ ስለሆነ አያድናትም። በቤት አውቶሞቢልም ቢሆን የእጅ ፍሬኑ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የኋላዎቹን ጎማዎች ብቻ ነው፤ ከኋላ ካነሳናት የፊቶቹ ነፃ ናቸው። የሚያቆማት ታኮ ነው። ከቁልቁለቱ በኩል፣ መሬት በነኩት ጎማዎች ሥር፣ በደንብ የተሸጎጠ ታኮ።

ከነቀምት ወደ ጊምቢ ስትሄዱ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ወንዝ ይወርዳል። አንድ ዘመን በዚያ ቁልቁለት የሌላ መኪና ረዳት ጎማ ሲቀይር መኪናው ከክሪኩ ላይ ተንሸራቶ እግሩ ላይ ሲወርድ ደረስን። ገና ፂም ያላወጣ ልጅ ነበር። ተባብረን አነሳንለት፣ እኔ ነኝ ጊምቢ ሆስፒታል ያደረስኩት። በሕይወት ተረፈ፣ ረዳትነቱ ግን በዚያው አበቃ። የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ነበር። (በነገራችን ላይ፣ ታኮ ያደረጉትን ድንጋይ አስፋልት ላይ ጥለው የሚሄዱ ሾፌሮችን እግዜር ይይላቸው። ማታ በሞተር ሳይክል የሚመጣው የሰው ልጅ ነው።)

ታዲያ ይህን ለአማቼ እንዴት ልንገረው? የቤቱ አባወራ እሱ ነው፣ መኪናዋም የእሱ ናት። በልጆቹ ፊት ብናገረው አባታቸውን ማሳነስ ነው። ለልጄ ብነግራት ደግሞ በባልና በሚስት መሃል መግባት ይሆናል። ሚስቴ «ቡና እስኪፈላ ጠብቅና ሌላ ወሬ አስመስለህ አምጣው» አለችኝ።

ያመጣሁት ወሬ የፈረንጆቹ ቤት መኪና ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባልና ሚስት ሽማግሌዎች አልጋውም ኩሽናውም ውስጡ ያለበት መኪና እየነዱ መጥተው እዚህ አንድ ሆቴል ግቢ አድረው ነበር። ሰውየው ሞተሩን እንዳጠፋ ወለሉ ላይ ትንሽ ውሃ ልክ አስቀመጠ፤ እንደ ግንበኛ። ከዚያ ዝቅ ባለው በኩል ላሉት ጎማዎች ሽብልቅ የሚመስል መወጣጫ አደረገና መኪናውን በዚያ ላይ በቀስታ ነድቶ አስተካከለ፣ ታኮ አደረገ። በመጨረሻ ከአራቱ ማዕዘን እግሮች አወረደ፤ በእያንዳንዱ እግር ሥር ጣውላ አነጠፈ። ጠጋ ብዬ ሳይ እግሮቹ መኪናውን አላነሱትም፤ ክብደቱ ያለው ጎማው ላይ ነው፣ እግሮቹ መወዛወዙን ብቻ ነው የሚከለክሉ። ለምን እንዲህ እንደሚለፋ በአስተርጓሚ ጠየቅሁት። አንደኛ፣ ጭንቅላት ቁልቁል ሆኖ እንቅልፍ የለም አለኝ። ሁለተኛ፣ በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ካዘነበለ በደንብ አይሠራም። ለአንድ ሌሊት ነው ይህን ሁሉ ያደረገው።

አማቼ ፈገግ አለ። ወሬው ወዴት እንደሚሄድ ገብቶታል። «አባባ፣ የኔዋ ግን አሥር ሌሊት አደረች ማለትዎ ነው?» አለ። ሲኒውን አስቀምጦ ወጣ።

ቀሪው የጉልበት ሥራ ነበር። ልጆቹን ቤት አስገባን። በቀሩት ጎማዎች ሥር ከቁልቁለቱም ከላይም ታኮ ሸጎጥን። ክሪኩን ጣውላ አንጥፈን እንደገና አቆምነው። የተጠረበ ደረቅ አጣና በሁለት ሁለት፣ አንዱን ረድፍ በሌላው ላይ በመስቀለኛ እየደረብን ሻንሲው ሥር ካብን፤ ከዚያ ክሪኩን አውርደን ክብደቱን ለእንጨቱ ሰጠነው። ክሪኩም፣ መያዣውም ቤት ገቡ። የወለቀውን ጎማና ስኮርቱን ደግሞ ከሻንሲው ሥር አጋደምናቸው፤ እንጨቱ አንድ ነገር ቢሆን መኪናዋ የምታርፈው ጎማ ላይ ነው። ጋራዦች የሚጠቀሙበት ባለ እግር የብረት መቆሚያ ቢኖረን ይሻል ነበር፣ ግን አልነበረንም።

ልጆቹን «እዚያ አትግቡ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ትልቅ ሰው ዘወር ሲል ይገባሉ። የመኪናዋን ዙሪያ ገመድ አሰርንበት። ለልጁ ደግሞ ሥራ ሰጠሁት። ግማሽ ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ በካርጎው ጠርዝ ላይ አጋድመን አሰርንና ውሃው የደረሰበትን በእስክሪብቶ ምልክት አደረግን። በየጠዋቱ ከገመዱ ውጭ ቆሞ ውሃው ከምልክቱ መውጣት አለመውጣቱን አይቶ ለአባቱ ይነግራል። አንድ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ «አባዬ፣ ውሃው ሄዷል!» እያለ ሲሮጥ መጣ። አባትየው ወጥቶ አየ፤ የታችኛው አጣና በአንድ በኩል ትንሽ ሰምጧል። ጣውላ ጨመረበት።

ኩሽኔታው በአሥራ ስምንተኛው ቀን መጣ። መኪናዋ ስትነሳ ሚስቴ አጣናውን ለማገዶ አየችው። አማቼ ግን አንድ ባንድ ጭቃውን አራግፎ ከመቀመጫው ኋላ ጫነው።