ወረቀት የሌለው ሰው ፊርማ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሐበሻ በሚሰበሰብባቸው ካፌዎች ስለ በሽታ የሚወራው በሹክሹክታ ነው። ስለ መኖሪያ ወረቀትም እንዲሁ። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ ግን ነገሩ በሹክሹክታ መታለፍ የለበትም። ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ይጠቅም ይሆናል ብዬ የገጠመኝን እጽፋለሁ።

ሄፓታይተስ ቢ እንዳለብኝ ያወቅሁት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ በተሰጠ ነፃ ምርመራ ነው። ምንም አላመመኝም ነበር። ቫይረሱ ብዙዎቻችንን የሚይዘን ስንወለድ ከእናት ወይም በልጅነታችን ነው፤ ከዚያ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል፤ ሲነሣ ጉበትን ያጠጥራል፣ ካንሰርም ያመጣል። የሕፃናት ክትባቱ ኢትዮጵያ የገባው በ2007 ስለሆነ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የእኔ ትውልድ አልደረሰበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ከዚህ ቫይረስ ጋር የሚኖረውን ሰው 254 ሚሊዮን አድርሶ ገምቶታል። ቴኖፎቪር የሚባለው ክኒን በየቀኑ ሲወሰድ ቫይረሱን ያዳክመዋል፤ ጨርሶ ከሰውነት ግን አያወጣውም። አዳዲስ መድኃኒቶች በየአገሩ የሚሞከሩትም ለዚህ ነው።

ክፍያው እንደ ታካሚው ገቢ በሚወሰንበት ክሊኒክ የምታክመኝ ሐኪም ስለ አንድ ጥናት ነገረችኝ። ከክኒኑ ጋር በየሳምንቱ ከቆዳ ሥር የሚወጋ አዲስ መድኃኒት ነው። ከተሳታፊዎቹ ከፊሉ መድኃኒቱን፣ ከፊሉ መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ ያገኛል፤ ማን ምን እንደደረሰው ታካሚውም ሐኪሙም አያውቁም።

ቪዛዬ ካለፈ ቆይቷል። ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ ውስጥ በካሽ እሠራለሁ። ኢንሹራንስ የለኝም፤ በ2010 የወጣው የኦባማ የጤና ሕግ ያቋቋመው ገበያ ወረቀት ለሌለው ሰው፣ ገንዘቡን ይዞ ቢሄድ እንኳ አይሸጥለትም። ቤት ያከራዩኝን እናት ሳማክራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

“ልጄ፣ ይቅርብህ። ሰው ላይ ሙከራ? ደግሞስ ስምህን ለኢሚግሬሽን አሳልፈው ቢሰጡ?”

“ኧረ እማማ፣ ሕግ አለ።”

“ሕጉ ማንን ነው የሚጠብቀው?”

ጥያቄያቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። አላባማ ውስጥ በቱስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት ሐኪሞች ወደ 600 የሚጠጉ ጥቁር ወንዶችን ያጠኑ ነበር፤ ቂጥኝ የያዛቸውን ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳያክሟቸው፣ በሽታቸውን እንኳ ሳይነግሯቸው ተከታተሏቸው። ጉዳዩ ሲጋለጥ በ1974 የምርምር ሕግ ወጣ፤ በ1979 ደግሞ የምርምር ሥነ ምግባርን የሚዘረዝረው የቤልሞንት ሪፖርት ታተመ። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ፈቃድ ሳያስፈርም ደም መቅዳት የማይችለው፣ ተሳታፊውም ባሻው ቀን ትቶ መውጣት የሚችለው እነዚያ ሰዎች በከፈሉት ዋጋ ነው። ይህን ለእማማ ነገርኳቸው። አልተጽናኑም፤ ግን “እንግዲያው የምትፈርመውን አንብብ” አሉኝ።

ወረቀት የሌለው ሰው ጥናት ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል አጠቃላይ ሕግ አላገኘሁም። አጥኚዎቹ የጠየቁኝ ዕድሜዬን፣ የምወስደውን መድኃኒት፣ የጉበቴን ምርመራና የቫይረሱን መጠን ነው። ሰው የሚመለሰው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በብዙ ጥናቶች መድኃኒቱንና ለጥናቱ ሲባል የሚደረገውን ምርመራ አስጠኚው ኩባንያ ይከፍላል፤ ታካሚው ጥናት ውስጥ ባይገባም ያስፈልገው ነበር የሚባለው ሕክምና ግን ለኢንሹራንስ ይላካል። ከ2014 ጀምሮ የግል ኢንሹራንሶች፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የመንግሥቱ ኢንሹራንስ ሜዲኬይድ ይህን ወጪ እንዲሸፍኑ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ሁለቱም የሌለው ሰው በዚህ መሀል ይወድቃል። መጀመሪያ የደወልኩበት ሆስፒታል ስለ ጤናዬ አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ የኢንሹራንስ ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ የለኝም ስል ንግግሩ እዚያው አበቃ። ስለ ወረቀቴ ማንም አላነሣም። ሐኪሜ የጠቆመችኝ ጥናት የሕክምናና የምርመራ ወጪውን በሙሉ ኩባንያው የሚችል ስለነበር ነው የገባሁት።

ሰው በኢንሹራንስ የማይመለስበት ቦታም አለ፤ ቤተስዳ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ ጤና ተቋም ሆስፒታል ከ1953 ጀምሮ ለምርምር ብቻ የቆመ ነው፤ ተሳታፊውን ለሕክምናው አያስከፍልም። ግቢው የፌደራል ስለሆነ ግን በር ላይ ጥበቃና የመታወቂያ ፍተሻ አለ፤ የእኔን ኑሮ የሚኖር ሰው እዚያ በር ላይ ልቡ ይመታል። የዚህ ቫይረስ ታሪክ አንዱ ጫፍ የሚያርፈውም እዚያው ነው። ተመራማሪዎቹ ባሩክ ብሉምበርግና ሃርቪ አልተር በ1960ዎቹ እዚያ ሲሠሩ፣ ብዙ ጊዜ ደም የተሰጠው አንድ የኒውዮርክ ታካሚ ሴረም ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ሴረም ጋር ሲገናኝ ምላሽ አሳየ። የሄፓታይተስ ቢ መለያ የታወቀው በዚያ መንገድ ነው፤ ምርመራውም ክትባቱም ከዚያ መጡ፤ ብሉምበርግ በ1976 ኖቤል ተሸለመ። ደሙን የሰጠውን አውስትራሊያዊ ስም ግን ዓለም አያውቀውም። በዓለም ላይ ክትባቱን የወሰደ ሕፃን ሁሉ የዚያ ሰው ባለዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ የገባሁበት ጥናት የፈቃድ ቅጽ ወፍራም ነበር፤ በእንግሊዝኛ ብቻ። የጥናቱ አስተባባሪ ነርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በስፒከር አስቀመጠች፤ ከሌላ ግዛት አንዲት አስተርጓሚ “ጤና ይስጥልኝ፣ ዛሬ የማስተረጉምልዎ እኔ ነኝ” አለችኝ። ድምጿ እየተቆራረጠ ገጽ በገጽ ሄድን። ስለ ጉዳት የሚያወራው ክፍል ላይ ስንደርስ “አስፈላጊው ሕክምና ይሰጥዎታል፤ ወጪው ለእርስዎ ወይም ለኢንሹራንስዎ ሊላክ ይችላል” ብላ አነበበች። እንድትደግምልኝ ጠየቅኋት። ደገመችው። አሜሪካ ውስጥ በምርምር ለተጎዳ ሰው ካሣ እንዲከፈል የሚያስገድድ የፌደራል ሕግ የለም፤ ሕጉ የሚያዘው ካሣ ይኖር እንደሆነ ቅጹ ላይ እንዲገለጽ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ኢንሹራንስ የለኝምና “ለእርስዎ” የሚለው ብቻ ነው የሚቀረው። በዚያ ቀን አልፈረምኩም። ነርሷ አልተቆጣችም፤ ለኩባንያው ጻፈች። በጥናቱ ምክንያት ለሚመጣ ጉዳት እርሱ እንደሚከፍል የሚገልጽ ደብዳቤ ሲመጣልኝ ነው ብዕር ያነሣሁት። ይህን መጠየቅ ድፍረት እንዳይመስላችሁ፤ መብት ነው።

የገንዘብም ጉዳይ አለ። ለያንዳንዱ ቀጠሮ ክፍያ አለ፤ ለዚያ የሚሞላው ቅጽ ግን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (ሶሻል) ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ክፍያ በዓመት 2,000 ዶላር ከደረሰ (እስከ 2025 ድረስ 600 ነበር) ለግብር መሥሪያ ቤቱ ይነገራል። ሶሻል የሌለው ሰው ከ1996 ጀምሮ አይቲን የሚባለውን የግብር ቁጥር ማውጣት ይችላል፤ ብዙ ወገኖቻችን በእርሱ ግብራቸውን በታማኝነት ሲከፍሉ ኖረዋል። በሚያዝያ 2025 ግን ግብር መሥሪያ ቤቱ ከኢሚግሬሽን ጋር መረጃ ለመለዋወጥ ስለተስማማ ሰው ፈራ። እኔም ክፍያውን ትቼ በደረሰኝ የሚመለሰውን የባቡር ሒሳብ ብቻ እወስዳለሁ።

ስሜስ? ከጥቅምት 2017 ጀምሮ በብሔራዊ ጤና ተቋም ገንዘብ የሚካሄድ ጥናት የሚስጥር ጥበቃ ሰርተፊኬት በቀጥታ ያገኛል፤ የተሳታፊውን ማንነት ያለፈቃዱ በፍርድ ቤት መጥሪያ እንኳ አሳልፎ መስጠትን ሰርተፊኬቱ ይከለክላል። የኩባንያ ጥናቶችም ማመልከት ይችላሉ። ነርሷን ስጠይቃት የእኛ ጥናት እንዳለው ቅጹ ላይ አሳየችኝ። ሰርተፊኬቱ መዝገቡን ይጠብቃል፤ መንገዱን ግን አይጠብቅም። ሆስፒታል አካባቢ ሰው በኢሚግሬሽን እንዳይያዝ ይገድብ የነበረው መመሪያ በጥር 2025 ተሽሯል። በየሳምንቱ ባቡር ስሳፈር ይህ አብሮኝ ነው የሚጓዘው።

እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የቤልሞንት ሪፖርት ፈቃድ ያለ ግፊት መሰጠት አለበት ይላል። እኔን ማንም አልገፋኝም። ነገር ግን ጥናቱ ውስጥ ባልገባ ኖሮ የጉበት ስፔሻሊስት ፊት የምቀርብበት መንገድ አልነበረኝም፤ አልትራሳውንዱን፣ የደም ምርመራውን፣ ስሜን አስታውሳ የምትደውልልኝን ነርስ አላገኝም ነበር። ሌላ በር የሌለው ሰው “እሺ” ሲል ምን ያህል ነፃ ነው? በዚህ የተነሣ አንዳንዶች ወረቀት የሌለውን ሰው ማስገባት ብዝበዛ ነው ይላሉ። አልስማማም። እኛ ስንቀር መድኃኒቱ በእኛ ላይ ሳይታይ ገበያ ይወጣል፤ የቫይረሱ ዓይነት እንደየአገሩ ይለያያል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚበዙት ኤ እና ዲ የሚባሉት ናቸው። ከበሩ መመለስ ጥበቃ አይሆንም። የሚያስፈልገው ቅጹ በምንረዳው ቋንቋ እንዲቀርብልን፣ የጉዳቱ ወጪ የማን እንደሆነ ገና ስንጠራ እንዲነገረን፣ ሌላ ሕክምና የማግኛ መንገድም እንዲኖረን ነው።

አንድ ነገር ገና አልተመለሰልኝም። የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባርን የሚዘረዝረው የሄልሲንኪ መግለጫ በ2013 እትሙ አስጠኚዎች ጥናቱ ሲያልቅ የሠራውን መድኃኒት ለሚያስፈልገው ተሳታፊ የሚያደርሱበትን መንገድ አስቀድመው እንዲያስቡ ይጠይቃል። ሕግ ሆኖ የሚያስገድድ ግን አይደለም። መርፌው ከሠራልኝ፣ ጥናቱ ሲዘጋ ማን ይሰጠኛል? ለዋናው ተመራማሪ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። “ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ኩባንያውን እጠይቃለሁ” አለኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቅርቡ እዚያው ጥናት ውስጥ ለመግባት አስቧል፤ ያንኑ ጥያቄ ከመፈረሙ በፊት በራሱ ስም ጽፎ እንዲያስገባ ነግሬዋለሁ፤ ሁለት ሰው ሲጠይቅ ኩባንያው መልስ መስጠት ይቀለዋል።