ቀላ አድርግልኝ

ድሮ ፎቶ ቤት ስለ ቀለም ክርክር የሚነሳው ወረቀት ተይዞ ነበር። ደንበኛው ፎቶውን አንስቶ ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ይወጣል፤ እኔም እከተለዋለሁ። ሁለታችንም የምናየው ያንኑ ወረቀት ነው። «ጠቆርኩ» ካለ እንደገና ይታጠባል፤ አለቀ። እውነትም ይጠቁር ነበር። ኮዳክ ለላብራቶሪዎች በሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ሸርሊ ይሏታል። የእኛ ጠይም ፊት በእሷ ልክ ሲታጠብ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ኮምፒውተር ሲገባ ያ ጀርባው ያበጠ ሞኒተር መጣ። ክፍሉን እንደ ምድጃ ያሞቃል። የሶኒ ትሪኒትሮን የደረሰው ግን ይኮራ ነበር። መስተዋቱ ላይ አግድም የምትታየውን ቀጭን መስመር ብልሽት ናት ብሎ ከነጋዴ ጋር የተጣላ ሰው አውቃለሁ፤ መስመሯ በሞኒተሩ ውስጥ ያሉትን ሽቦዎች እንዳይርገበገቡ የምትይዝ ክር ናት። ቀጥሎ ጠፍጣፋዎቹ መጡ፤ ጠረጴዛችን ሰፋ ብለን ተደሰትን። ርካሾቹ ቲኤን ፓነል ነበሩና አንገት ቀና ሲል ሙሽራዋ ትገረጣለች፣ ዝቅ ሲል ትጠቁራለች። ሂታቺ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው አይፒኤስ ፓነል ከየትም አቅጣጫ ቢታይ ቀለሙ ብዙም አይለወጥም፤ ለእኛ ኪስ እስኪደርስ ግን ቆየ።

ዛሬ ፎቶ የሚያነሱ ልጆች «የቱን ሞኒተር ልግዛ?» ብለው ይመጣሉ። አይፒኤስ ይሁን እላለሁ። ሥራህ ስልክ ላይ የሚቀር ከሆነ ኤስአርጂቢ የሚባለውን የቀለም ክልል ሙሉ የሚሸፍን ይበቃሃል፤ ማተሚያ ቤት የሚገባ ከሆነ ሰፋ ወዳለው ወደ አዶቤ አርጂቢ የሚጠጋ ፈልግ፤ ቀለም ወረቀት ላይ የሚያወጣው አንዳንድ አረንጓዴና ውሃ ሰማያዊ በኤስአርጂቢ ውስጥ የለምና። የስክሪኑን ቀለም ለሚያስተካክለው ካሊብሬተርም ገንዘብ አስቀር። ብርሃኑን ደግሞ ወደ 80–120 ኒት አውርደው፤ ከካርቶን እንደወጣ ከሠራህበት ስክሪኑ ላይ የፈካው አልበም ጠቁሮ ይታተማል። ልጁ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኛል፤ ሄዶም ለጌም የተሠራ፣ ባለ 144 ኸርዙን ይገዛል።

የእኔው ስክሪን አሁን የሐበሻ ቀሚሱን ጥለት ክር በክር ይለያል፤ የሙሽራዋን ጥይምና ከግንባሯ እስከ አገጯ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ያንን ፎቶ በቴሌግራም እልካለሁ። እሷ ብርሃኑ በተቀነሰ፣ የማታው ቢጫ መብራት ባልጠፋ ስልክ ትከፍትና ትጽፋለች፦ «ጋሼ፣ ፊቴን ትንሽ ቀላ አድርግልኝ።»

አቅልቼ ላክሁ። በማግስቱ እናትየው ከዋሽንግተን ደወሉ።

«የኔ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ገረጣችብኝ? አሟት ነበር እንዴ?»