ሲያቅፏችሁ የሚሸት፣ ታክሲ ውስጥ የማይሸት

ሽቶ ቤት ገብታችሁ «ለክረምት የሚሆን» ብትሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣላችሁ ዕጣን ወይም ቫኒላ ያለበት ከባድ ሽቶ ነው። ምክንያት አለው። ሽቶ የሚሸተው ከቆዳ ላይ ሲተን ነው፤ ብርድ ደግሞ ትነቱን ያዘገየዋል። ሎሚና ብርቱካን ቶሎ ያልቃሉ፤ ዕጣን፣ ከርቤና ቫኒላ ግን ቀስ ብለው ስለሚተኑ ለሰዓታት ይቆያሉ።

ይህ ምክር ግን የወጣው ታኅሣሥና ጥር በረዶ ለሚጥልባቸው አገሮች ነው። መሪ ለምንኖር ብርዱ ሁለት ዓይነት ነው። የኅዳርና የታኅሣሡ ደረቅ ነው፤ ማለዳ ያንዘፈዝፋል፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሹራብ ያስወልቃል። ጠዋት ደስ ያለን ከባድ ሽቶ ያኔ ያፍናል። ስለዚህ ለኅዳር ቀለል ያለውን እመርጣለሁ። የሐምሌና የነሐሴው እርጥብ ብርድ ቀኑን ሙሉ አይለቅምና ሞቅ ያለው ሽቶ የሚስማማው ለእሱ ነው።

ሐምሌ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ዝናቡ ሲጀምር ከመሪ መገናኛ የሚሄደው ታክሲ መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል። ልጄ አስም አለባት፤ ኃይለኛ ሽታ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። አጠገቧ የሚቀመጠውን ሰው ሽቶ አልመርጥላትም፤ የራሴን ግን እመርጣለሁ። እናንተም አጠገባችሁ ያለው ተሳፋሪ ምን እንዳለበት አታውቁም።

ስለዚህ ስትገዙ ወረቀት ላይ ብቻ አሽትታችሁ አትወስኑ። እጃችሁ አንጓ ላይ አድርጋችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል ዞር ዞር በሉ፤ ገንዘባችሁን የምትከፍሉት መጨረሻ ላይ ለሚቀረው ሽታ ነው። «ኦ ደ ፓርፉም» የሚለው በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 በመቶ የሽቶ ዘይት ስላለው፣ ከ«ኦ ደ ቷሌት» ያነሰው ይበቃል። ብርድ ያደረቀው ቆዳ ሽቶ አይዝምና ቀድማችሁ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ተቀቡ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከልብስ ሥር ደረት ላይ ንፉ። አንገትና ሻርፕ ላይ ከሆነ ታክሲው ሁሉ ይካፈለዋል።

እኛ ቤት ጭሱ ለልጄ ስለማይሆን ቡና ሲፈላ ዕጣን አይጨስም። የአገራችንን ዕጣን ሽታ የማገኘው ከጠርሙስ ነው፤ እሱንም በጥቂቱ፣ ልጄን «ከበደሽ ወይ?» ብዬ ጠይቄ። አልከበደኝም ካለች ያ ሽቶ ለክረምቱ ይሆነኛል።