የቁራ ካብ

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በ1973 ዓ.ም. ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ሚስት አግብቼ አንድ ልጅም ወልጄ ነበር። ያኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ስሜን ነው። አሁን የምጽፈው የመሬት ስም ነው።

ነገሩ የመጣው በአንድ ካብ ምክንያት ነው። የምንኖረው ከኮምቦልቻ በላይ ካለው ተረተር ላይ ነው። እዚያ ብዙ ካብ አለ። ገሚሱን በ1970ዎቹ እኛው ሠራነው፤ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይሰፈርልን ነበር። ገሚሱ ግን የጥንት ነው፤ ድንጋዩ ሽበት አብቅሏል። አያቶቻችንም «ተሠርቶ ነው ያገኘነው» ይሉ ነበር።

የሟች ወንድሜ ሚስት መሬት ከጥንቱ ካብ ሥር ነው። መሬት ሲመዘገብ ጸሐፊው «በላይ በኩል የሚያዋስንሽ ምንድን ነው?» አላት። «የቁራ ካብ» አለችው። እሱ «ቁራ ሜዳ» ብሎ ጻፈ። ማንበብ አትችልም፤ ደብተሩን ተቀብላ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ኋላ አንድ ክረምት ጎርፍ ካቡን ናደው። ጎረምሶችም ድንጋዩን ለቤት መሥሪያ አጋዙት። የላይኛው ጎረቤታችን ይኼን ጊዜ «ድንበርሽ ሜዳው ነው ይላል ደብተሩ፤ ስለዚህ ሜዳው የኔ ነው» ብሎ አረሰባት። ከካቡ ሥር ያለው ለጥ ያለ መሬት እኮ የልጆቿ እንጀራ ነው!

አንድ ዓይነ ስውር አባት ነበሩ። በቃሬዛ ተሸክመን አመጣናቸው። በዱላቸው የካቡን መሠረት እየዳሰሱ ሄዱ፤ መሠረቱ አፈር ውስጥ አለ። «ይኸውላችሁ፣ የቁራ ካብ» አሉ። እዚያ አልቆሙም። ከላይ እስከ ታች የ12ቱን ካብ ስም ጠሩ። እኔም በልጅ ልጄ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ሽማግሌዎች ፈረዱ፤ ጎረቤታችንም በጄ አለ፤ መሬቱ ተመለሰላት። ደብተሯ ላይ ያለው ስም ግን እስከ ዛሬ አልተቃናም።

ከዚያ ወዲህ ስም መጠየቅ ልማዴ ሆነ። ኮምቦልቻ ስንል ኖረን፣ ኮምቦልቻ በኦሮምኛ የዛፍ ስም መሆኑን የነገረችኝ በባቲ የሰኞ ገበያ ያገኘኋት ሴት ናት። እኛ አጣጥ የምንለው እሾሃሙ ዛፍ ነው። አይ እኔ! ስንቱን አጣጥ ለአጥር ቆርጬ ነበር። ደሴን ደግሞ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው የሰየሟት ይባላል፤ በ1875 ዓ.ም. ጅራታም ኮከብ አይተው ደስ ስላላቸው። ጌታም አለ። እዚያ ከአለት የተቀረጸ አንበሳ ይታያል፤ መስቀል አለበት። ሰይድ ቡሽራ ቁርአን ያስተማሩበት፣ ሙስሊሙ የሚዘይረውም ያው ጌታ ነው። አንድ ስም ሁለቱን ይዟል።

ወደ ካቦቹ ልመለስና፣ 12 ናቸው ብያለሁ። በደብተሬ ያለው ግን 11 ስም ነው። እኒያ አባት 9ኛውን ሲጠሩ እርሳሴ ተሰብሮ እሞርድ ነበር። ማቋረጡን አፈርኩና «ኋላ ቤታቸው ሄጄ እጠይቃለሁ» አልኩ። አጨዳ መጣ፣ ውቂያ መጣ። ለጥምቀት ሰሞን ቀበርናቸው።

ልጆቻቸውን ጠየቅሁ፤ አያውቁትም። 9ኛው መስመር ባዶ ነው።