ጆሮና ደብተር

እኔ የማስተምርበት አቃቂ ቃሊቲ የዱሮው የጂቡቲ ሐዲድ ያለፈበት ሠፈር ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ሕዝቡ ፈረንሳዮች ጣቢያውን «ላ ጋር» ሲሉት ሰማና «ለገሀር» አለው። ደብተር የያዘ አልነበረም፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ አለ።

እኔና ጓደኛዬ ይህንኑ ቋንቋ የተማርነው በደብተር ነው። ጓደኛዬ ግሥ ሲያረባ መምህሩ እንኳ ዝም ብለው ያዳምጡት ነበር። በ2010 ዓ.ም. አዲሱ ባቡር መንገደኛ መጫን እንደ ጀመረ፣ ተማሪዎች ሳለን ጂቡቲ ወረድን። የማደሪያው ጸሐፊ የጓደኛዬን ክፍል ነገረው፦ «ካትር ቨን ዱዝ!» ይህ 92 ነው፤ ፈረንሳዮች «አራት ጊዜ ሃያ፣ ከዚያም አሥራ ሁለት» ብለው ይቈጥራሉ። (ቤልጅጎች «ኖናንት ዱ» ብለው ተገላግለዋል።) ወዳጄ ግን የያዘው «ካትር»ን ብቻ ነበር። ሻንጣውን ተሸክሞ 4 ቍጥርን ቢያንኳኳ፣ አንድ ግዙፍ ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ አፈጠጠበት። ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ሁሉ ግሥ አንዱም አልመጣለትም።

ያዳነው ሽርጥ ያሸረጠ ተላላኪ ነው። ልጁ በቤቱ ሶማልኛ፣ በሥራው ፈረንሳይኛ ይናገራል፤ ቍጥሩን በጣቱ እያሳየ ወሰደው።

ጓደኛዬ የዚያን ዕለት ራት አልበላም። «አራት ዓመት የለፋሁት ለምን ኖሯል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ መጽሐፉን ከሻንጣ ሳያወጣ ገበያ ገብቶ ሲያዳምጥ ዋለ። ማታ ብርቱካን በፈረንሳይኛ ተከራክሮ ገዝቶ መጣ። ዋጋው ውድ ነበር፤ እኔ ግን ዝም አልሁ።