የባዶዋ ቤት ትምህርት



በወላይታዋ ቢጠና ሕፃናትን የምናስተምር ነን። ዛሬ የምናካፍላችሁ የራሳችንን ጥፋት ነው።

አንድ ቀን ተማሪዎቻችንን «ሃያ አምስት ብላችሁ ጻፉ» አልናቸው። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ 52 ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝንባት። በማግስቱም ደገመችው። ታግሠን መጠየቅ ሲገባን በጓደኞቿ ፊት ተቆጣናት። ከዚያ ወዲያ ደብተሯን በክንዷ እየሸፈነች መጻፍ ጀመረች።

እናቷ መጥተው፣ «ኡስታዝ፣ ቁርኣን ቤት ቀልጣፋ ናት ይሏታል፤ እዚህ ምን ነክቷት ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ማታ ግን ትዝ አለን፤ እኛም በልጅነታችን መድረሳ ስንቆጥር «ኸምሰቱን ወዒሽሩን»፣ አምስት እና ሃያ፣ ነበር የምንለው። ዐረብኛ ከቀኝ ስለሚጻፍ አምስቱ ቢቀድም ሁለቱ በግራው ይሰፍራል፤ ቁጥሩም 25 ይሆናል። ልጅቷ ግን አምስቱን አስቀድማ ከግራ ጀመረች። ሁለቱን ትምህርት አደባለቀች እንጂ አልሰነፈችም። አላህ ይቅር ይበለን!

የበቆሎ ፍሬ ይዘን ገባንና ዐሥር ዐሥሩን በጨርቅ ቋጠርን። ቋጠሮው «ቤተ ዐሥር»፣ ያልተቋጠረው ፍሬ «ቤተ አንድ» ገባ። ወላይትኛ ተናጋሪዎቹ ልጆች ቋጠሮውን «ታሙ» እያሉ ቆጠሩ። ለልጅቷ ሁለት ቋጠሮና አምስት ፍሬ፣ ቀጥሎም አምስት ቋጠሮና ሁለት ፍሬ አስቀመጥንላት። «የቱ ይበዛል?» አልናት። አየት አደረገችና ሳቀች፤ ደብተሯንም ራሷ አረመች።

ከሁሉ የሚከብደው ባዶው ቤት ነው። በሱረቱል ከህፍ የተወሱት ወጣቶች በዋሻው የቆዩበትን ሦስት መቶ ዘጠኝ ዓመት ጻፉ ስንላቸው፣ ብዙዎቹ 300ን ከነዜሮው ጽፈው 9 ይጨምሩና 3009 ያደርጉታል። ሦስት ቤት ሥለን መካከለኛውን ባዶ ስንተወው ግን፣ 0 የቤቱ ጠባቂ መሆኑ ይገባቸዋል። በግዕዝ አኃዝ ፫፻፱ ሲጻፍ ዜሮ አያስፈልግም፤ መቶው የራሱ ምልክት አለውና። የሕንዶቹን የቁጥር አጻጻፍ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ካብራሩት አንዱ ሙስሊሙ ሊቅ ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ነው። «ዜሮ» የሚለው ቃልም «ሲፍር» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው፤ ባዶ ማለት ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ሲሳሳት «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት አስበህ ነው? እንዴት አስበሽ ነው?» በሉ። ገበያ ስትወጡም መልሱን እሱ ወይም እሷ ይቁጠሩት፤ የዐሥር ብሩ ኖት ቋጠሮ፣ የአንድ ብሩ ሳንቲም ፍሬ ይሁንላቸው።

እኛ ቁጥሩን በአንድ ቀን አረምን። የልጅቷን ክንድ ከደብተሯ ላይ ለማንሳት ግን አንድ ወር ሙሉ ፈጀብን። አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።